ስለ ኩላሊት መድከምና በየአገሩ ስላለው መነሻ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችን ኩላሊትን የምናውቀው በግ ሲታረድ ነው። በእያንዳንዳችን ጀርባ ከወገብ ከፍ ብለው ያሉት ሁለቱ ኩላሊቶች ግን፣ እያንዳንዳቸው ጭብጥ እጅ የሚያህሉ ሆነው ሳለ፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህሉ ሽንት ሆኖ ሲወጣ የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ይህ ሥራ ሲቆም እድፉ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ያብጣል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ትንፋሽም ያጥራል።

ሕመሙ አንድ ሲሆን መነሻው ግን እንደየአገሩ ኑሮ ይለያያል። በአሜሪካና በጃፓን ዋነኛው ምክንያት የስኳር በሽታ ነው። እኛም የጥጋብ አገር በሽታ ነው ብለን ልናልፈው ነበር፤ ዳሩ ግን ዛሬ በእኛም አገር አለ። በኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን ቢመረምሩ፣ ብዙዎቹ ስኳርም ግፊትም ያልነበረባቸው የእርሻ ሠራተኞች ሆነው አገኟቸው። ሸንኮራ አገዳ በሚቆረጥባቸው ቆላዎች ብርቱ ፀሐይና የውሃ ጥም ዛሬ በዋናነት ይጠረጠራሉ። በባልካን አገሮች በዳኑብ ገባሮች አጠገብ ደግሞ ከስንዴ ጋር የሚበቅል አንድ መርዛም አረም፣ ፍሬው ከእህሉ ጋር እየተፈጨ ብዙ ቤተሰብ ጎድቷል። የዚሁ አረም ዘመድ የሆነ የቻይና ተክል ለመክሳት ብለው የወሰዱ የብራስልስ ሴቶችም ኩላሊታቸውን አጥተዋል። ይህን ማንሣታችን የአገራችንን መድኃኒት ለመንቀፍ አይደለም፤ ቅጠል ወይም ሥር ስለ ሆነ ብቻ አይጎዳም ማለት ግን ስሕተት ነው።

ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ እንመለስ። በቆላው ወባ አለ፤ የበረታ ወባ ኩላሊትን በጥቂት ቀን ሊያቆም ይችላል፤ በጊዜው የታከመ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። ብርቱ ተቅማጥና በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደምም እንዲሁ ናቸው። ቀስ ብለው የሚጎዱት የደም ግፊት፣ ስኳርና የኩላሊቱ የራሱ ብግነት ናቸው። የገጠሩ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ኩላሊቱ ከተኮማተረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መነሻውን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ተብሎ ይቀራል። እኛን ከሁሉ ያሳዘነን ይህ ቃል ነው። የኤል ሳልቫዶሩ ነገር የተገለጠው ሐኪሞቹ በሽተኛው የት እንደሚውል ስለ ጠየቁ ነው። በቡሬ የበርበሬ ማሳ የሚውሉ ወንድሞቻችን ይኸው ደርሶባቸዋል አንልም፤ ውሃ ይዘው ቢወርዱ ግን አይጎዳቸውም።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ትልቅ ነገር ነው። ደምን በመኪና ማጣራት ግን እንደ ደንቡ በሳምንት ሦስት ጊዜ ስለሚያስፈልግ፣ ለገበሬ ቤትና በሬ ትቶ ከተማ መቀመጥ ማለት ነው።

በክፍላችን ወላጆቹ ግፊታቸውን የተለኩ እጁን ያውጣ ብለን ብንጠይቅ የተነሣው እጅ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፤ ለገበያ ስትወጡ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ተለኩልን። ክንድ ላይ ታስሮ የሚነፋ ጨርቅ ነው፤ አያምም።