የታሰረ ምስክር በፍትሐ ብሔር ክርክር

በዋሽንግተን ዙሪያ በአማርኛ ለምታስተረጉሙ ለእናንተ ለፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች በደረሰው የጥሪ ወረቀት ላይ የሰፈረው ርእስ «በፍትሐ ብሔር ክርክር የእስረኛ ምስክርነት የሚወሰድበት ሥርዓት» ይላል። ወደ ሥርዓቱ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ጉዳዩን ለዓመታት እንድይዘው ያደረገኝን ልንገራችሁ።

እስር ቤት ውስጥ ሰው ሲደበደብ፣ ታሞ ሐኪም ሲነፈግ፣ ሲሞትም ማን ያያል? ወይ ጠባቂ ነው ወይ ሌላ እስረኛ። ጠባቂው ተከሳሽ ከሆነ የቀረው ዐይን የእስረኛው ነው። የሟች እናት ካሳ ጠይቃ ብትከስ ክሷ የሚቆመው በዚያ ሰው ቃል ነው። እሱ ደግሞ መጥሪያ ስለደረሰው ብቻ ተነሥቶ አይመጣም። ማን ያመጣዋል? በማን ወጪ?

በአገራችን ሕግ «አካልን ነጻ ማውጣት» የምንለውን፣ እዚህ ሄቢየስ ኮርፐስ የሚባለውን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያለ ሕግ የታሰረን ያስፈታል። ከእንግሊዝ የወረደ ሌላ ዓይነት ትእዛዝም አለ፤ «አድ ቴስቲፊካንደም» ይሉታል። ይኸኛው ማንንም አያስፈታም። እስረኛውን አምጡት፣ ይመስክር፣ መልሱት ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል በ1807 በሰጡት ውሳኔ የትእዛዙን ዓይነቶች ሲዘረዝሩ ይህንንም አንሥተውታል። የዛሬው የፌዴራል ሕግም ለመመስከር ወደ ችሎት መምጣቱ አስፈላጊ ለሆነ እስረኛ ትእዛዙ እንዲሰጥ ይፈቅዳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። በፔንስልቬንያ አንድ እስረኛ የካውንቲ እስር ቤት ኃላፊዎችን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ምስክሮቹም እስረኞች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ የክፍለ ግዛቱ ጠባቂዎች እስረኞቹን ለችሎቱ ቅርብ ወደሆነ እስር ቤት እንዲያደርሱ፣ ከዚያ ወዲያ የፌዴራል ማርሻሎች ተረክበው እንዲያመጧቸው አዘዘ። ማርሻሎቹ ይህ የእኛ ሥራ አይደለም ብለው ተቃወሙ። የምሥክሮቹ መጓጓዣ ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1985 ተወሰነ። ዳኛ ፓወል የጻፉት የአብላጫው ውሳኔ፣ የክፍለ ግዛት እስረኛን የማምጣት ወጪ በማርሻሎች ላይ እንዲጣል የሚፈቅድ ሕግ የለም አለ። በተቃውሞ የቆሙት ዳኛ ስቲቨንስ ብቻ ነበሩ። የሕጉን አነባበብ እረዳለሁ። ያመጣው ውጤት ግን ያሳዝነኛል፤ እስረኛው ይምጣ አይምጣ የሚወስነው ዳኛ የምስክሩን ቃል ክብደት ሲመዝን የመንገዱን ርቀት፣ የአጃቢውን ደመወዝና የማምለጥ ሥጋቱንም አብሮ ይመዝናል። እውነት በነዳጅ ዋጋ ስትለካ ዝም ማለት አልችልም።

ከዚህም ሌላ ሰንሰለት አለ። አንድ ምስክር ቃሉን ሲሰጥ ከታመመ እስረኛ ጋር የነበሩበትን ክፍል እንዲስልልኝ ጠየቅሁት። እጆቹ ከወገቡ ጋር ታስረው ስለነበር እርሳሱ ወረቀቱ ላይ አልደርስ አለው። ጠባቂውን ለምነን ቀኝ እጁ ተፈታ። አልጋዎቹን፣ የበሩን መስኮት፣ የጥሪ ደወሉን አንድ በአንድ አስቀመጣቸው። ደወሉ ከታማሚው አልጋ ምን ያህል እንደሚርቅ ከዚያ ሥዕል በፊት ማናችንም አናውቅም ነበር። ያው ሰው ተሰንስሎ ጁሪ ፊት ቢቀርብ፣ አፉን ሳይከፍት የሚያምነው ይቀንሳል። መቀመጫው ኒውዮርክ የሆነው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1995 የታሰረ ከሳሽ ጁሪ ፊት በሰንሰለት ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚለውን ዳኛው ራሱ መርምሮ እንዲወስን፣ ለጠባቂዎች እንዳይተው አስገንዝቧል። ይህን ውሳኔ አጥብቄ እወደዋለሁ።

ሰዓቴ እየሄደ ነው፤ ሥርዓቱን በአጭሩ። እስር ቤት ሄዶ ዲፖዚሽን፣ ማለትም ከችሎት ውጭ በመሐላ የሚሰጥ የተመዘገበ ቃል፣ ለመውሰድ ሁለቱ ወገኖች ቢስማሙም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 30 መሠረት ነው። የጠበቆቹ፣ የቃል መዝጋቢዋና የእናንተ ስም፣ የምትይዙት መሣሪያም ሳይቀር አስቀድሞ ለእስር ቤቱ ይላካል። አስተርጓሚው ከስም ዝርዝሩ ተዘልሎ በር ላይ ሲመለስ አይቻለሁ፤ የተሰበሰብነው ሁሉ ተመለስን። ደንቡ ለአንድ ዲፖዚሽን ሰባት ሰዓት ይሰጣል። በፌዴራል እስር ቤቶች ግን ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት እስረኞች ቆመው ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ በጠዋት ጀምሩ። ምስክሩ በእስራቱ ምክንያት ችሎት መቅረብ ካልቻለ የተመዘገበው ቃሉ በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል። በቪዲዮ ለመመስከርም በቂና አስገዳጅ ምክንያት መኖሩን ለዳኛው ማሳየት ያስፈልጋል። ያልተቋጨ የወንጀል ክስ ካለበት ጠበቃው ሳያውቅ አትጀምሩ።

በመስታወት ጀርባ በስልክ የሚመሰክር ከሆነ ተራ በተራ እንጂ አብራችሁ አታስተርጉሙ። ጠባቂው ቃሉን ከማይሰማበት እንዲቆም መጠየቅ የጠበቃው ሥራ ነው። ምስክሩ ወደ በሩ እያየ ድምፁን ካሳነሰ ግን የጎደለውን በግምት አትሙሉ፤ አልተሰማኝም በሉ፣ መዝገብ ላይም ይስፈር። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።