ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር

ተመራቂዎች፤

ገበያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በሚደምቅበት በአሰላ ተቀምጣችሁ ግዕዝ ተማራችሁ። «ማንም ለማይነጋገርበት ቋንቋ ይህን ያህል ድካም ለምን?» ያላችሁ ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ። የሕንድ ልጆችም ስለ ሳንስክሪት ይኸው ይጠየቃሉ። ፓኒኒ የተባለው ሊቅ ከ2000 ዓመታት በላይ አስቀድሞ የዚያን ቋንቋ ሰዋስው 4000 ገደማ በሆኑ አጫጭር ደንቦች ጠቀለለው፤ ዛሬም በቃላቸው የሚያጠኑት ተማሪዎች አሉ። ቅኔ ቤት ገብቶ ግሥ ያወረደ ሰው ይህ አይገርመውም።

እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ልነግራችሁ ነው። የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ሳይፈጽሙት ዐረፉ፤ አደራው ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተላለፈ። አለቃ ኢየሩሳሌም ሆነው ግዕዙን ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከዐረብኛው ጋር እያስተያዩ ዕድሜያቸውን ሰጡት። እሳቸውም ሳይታተም አለፉ። በመጨረሻ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ከሦስቱ ሊቃውንት ሁለቱ የድካማቸውን ፍሬ ታትሞ አላዩትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ የደከሙት ለማያውቋቸው ለእናንተ ነበርና።

ቅርሱ የአንድ ወገን ብቻ የሚመስለው ካለም ይህን ያስታውስ፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመውበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 የታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በዚሁ በግዕዝ ፊደል ነው።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ። ሰማዩ ሲጠራ ከዚህ ከፍታ ቁልቁል የዝዋይ ሐይቅ ይታያል። በቱሉ ጉዶ ደሴት፣ በደብረ ጽዮን፣ የዛይ ሕዝብ ለዘመናት የጠበቃቸው የብራና መጻሕፍት አሉ፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት እዚያ እንደተጠለሉም በትውፊት ይነገራል። ሂዱ። አባቶችን ፈቃድ ጠይቁ፣ እነሱ ባሉበት አንድ ገጽ አንብቡ። የምታነቡትን የደሴቱ ልጆች አብረዋችሁ ይስሙት፤ ትርጉሙን እናንተ ታስተምሯቸዋላችሁ። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ እናንተም እነሱም ጊዜ አላችሁ።

እንኳን ደስ አላችሁ!