በጆሮ ስለሚታይ ቴያትር



የዛሬው ንግግራችን «ዶክተር ሁ» ከተባለው የእንግሊዞች ተከታታይ ታሪክ ውስጥ ለጆሮ ብቻ ስለ ተሠሩት ድራማዎች ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

«ዶክተር ሁ» በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ1963 ነው። ዶክተር የተባለው ዋናው ሰው በዘመንና በጠፈር ውስጥ የሚመላለስ መንገደኛ ነው፤ መርከቡም ከውጭ ሲያዩአት የፖሊስ መጥሪያ ሰማያዊ ሣጥን ትመስላለች፤ ከውስጥ ግን እጅግ ሰፊ ናት። ቴሌቪዥኑ በ1989 ተከታታዩን ቢያቆምም፣ ቢግ ፊኒሽ የተባለው ድርጅት ከ1999 ጀምሮ የቀድሞዎቹን ተዋናዮች ጠርቶ አዳዲስ ታሪኮችን በድምፅ ያወጣ ጀመር። ታሪኩ በ2005 ወደ ቴሌቪዥን ከተመለሰ በኋላም ይህ ሥራ አልተቋረጠም።

አንዳንድ ሰዎች «ሥዕል የሌለው ቴያትር ጐደሎ ነው» ይላሉ። እኛ ግን ተረት በጆሮአችን ሰምተን ያደግን ስለ ሆንን በዚህ አንስማማም። ሁለት ሥራዎችንም ምስክር እንጠራለን።

አንደኛው ማርክ ፕላት የደረሰው፣ በ2002 የወጣው «ስፔር ፓርትስ» ነው፤ ትርጓሜውም «መለዋወጫ» ማለት ነው። ሞንዳስ የተባለችው ዓለም ከፀሐይ ስለ ራቀች፣ ሕዝቧ ከምድር በታች በተሠራ ከተማ ይኖራል። ከሞት ለመትረፍ ሲል ሥጋውን በብረት ይለውጣል፤ ከሥጋውም ጋራ የሰውነት ስሜቱን ያጣል። ኢቮን የተባለች ልጃገረድ የብረት ሰው ሆና ወደ አባትዋ ቤት ስትመለስ እንሰማለን። ዓይን ቢሆን ብረቱን ብቻ ባየ ነበር፤ ጆሮ ግን በዚያ በተለወጠ ድምፅ ውስጥ ልጂቱን ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሮበርት ሺርማን የደረሰው «የእኩለ ሌሊት ደወል» ነው፤ ይህም የወጣው በ2002 ነው። በአንድ የእንግሊዝ ባለጸጋ ቤት፣ በገና ዋዜማ፣ የሰዓቱ ደወል ሞትን እያስከተለ ይመጣል፤ ያለፈውም ጊዜ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ኤዲት የተባለችውን ዕቃ አጣቢ ሌሎቹ አሽከሮች እንኳ ከሰው አይቈጥሯትም። የምሥጢሩ ቍልፍ ግን እርስዋ ናት።

ነቀፌታችንንም አንሸሽግም። የዚህን ድራማ መጨረሻ በሚገባ ለመረዳት በ2001 የወጣውን «የማዕበል ማስጠንቀቂያ» አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል፤ ለአዲስ አድማጭ ይህ ከባድ ነው። ደግሞም በድምፅ ድራማ ተናጋሪው «እነሆ በሩ ተከፈተ! እነሆ ጭራቁ መጣ!» እያለ የሚያየውን ሁሉ ሲተርክ፣ ሰሚው ራሱ የሚያስበው ነገር አይቀርለትም። ጥሩ ደራሲ የበሩን ድምፅ ያሰማል፤ የቀረውን ለእኛ ይተዋል።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ኢቮንም ኤዲትም ዓይን አይቶ የሚያልፋቸው ሰዎች ናቸው። ድምፃቸውን በትዕግሥት የሰማ ግን ሰውነታቸውን ያገኛል። ስለዚህ ተማሪዎች ይህን ዓይነት ቴያትር እንዲሞክሩ እንመክራለን፤ መጋረጃና ውድ ልብስ አያሻውም፤ የሚሻው በሚገባ የተጻፈ ቃልና የሚያዳምጥ ልብ ነው።