የተሸጠው ቀሚስ ተመልሶ መጣ!

(የባህል ልብስ ነጋዴዎች በተሰበሰቡበት ካደረግኩት ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅኩት «በኢንተርኔት ለውጭ አገር ደንበኛ እንዴት ይሸጣል?» ስለሚለው ነው። መሸጡንማ ማን ያቅተዋል? ፎቶግራፍ አንስተህ ትለጥፋለህ፤ አንዷ ከአሜሪካ «ስንት ነው?» ትልሃለች። እኔ የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እህት ለልጇ ሠርግ የሐበሻ ቀሚስ በ180 ዶላር አዘዘችኝ። ገንዘቡን ከነማጓጓዣው ከፈለች። የጉለሌው ሸማኔ ጋሼ ሌት ተቀን ሠርተው አደረሱልኝ፤ ላክሁት። ተሸጠ ብዬ ደስ አለኝ። ለካስ አልተሸጠም! ዕቃ አድራሹ በሯን አንኳኩቶ «ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ አምጪ» አላት። «እኔ ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ይኼ ደግሞ ምንድነው?» ብላ መለሰችው። እውነቷን ነው።

ቀሚሱ ተመልሶ መጣ፤ የመመለሻውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ጉዱ ደግሞ እዚህ ነው። ጉለሌ የተሸመነውን የራሴን ቀሚስ «ከውጭ የገባ ዕቃ ነው» ተብዬ ቀረጥ ተጠየቅኩበት! «የላክሽበትን ሰነድ አምጪ» አሉኝ፤ አልያዝኩም። ጥፋቱ የእኔም ነው። ግን ስልክ ሰነዱን ያዥ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጋሼ ለሂሳባቸው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ምን ልበላቸው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ወደ አሜሪካ ለአንድ ሰው በአንድ ቀን የሚገባ ዕቃ ዋጋው ከ800 ዶላር ካልበለጠ ቀረጥ አይጠየቅበትም ነበር። ይህ በመጀመሪያ ለቻይና ዕቃ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም.፣ ከዚያም ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኦገስት 29 ቀን 2025) ጀምሮ ለተቀረው ዓለም ቀረ። በዚያ ሰሞን የብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች ወደ አሜሪካ የሚሄድ ጥቅል መቀበል ለጊዜው አቁመው ነበር። አውሮፓም ቢሆን ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት በሰኔ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አንስቷል። እኔ ግን በድሮው ልማድ ላክሁ።

ስለዚህ አሁን ዋጋ ስናገር የምናገረው በሯ ድረስ ያለውን ነው። ቀሚሱ፣ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ ሁሉም ገብቶበት! የሚልክላችሁን ድርጅት «ቀረጡን እኔ አስቀድሜ ልክፈል» በሉት፤ ይህን አገልግሎት የሚሰጡ አሉ። የቀረጡ መጠን ስለሚለዋወጥ በምትልኩበት ዕለት ጠይቁ፤ የባለፈው ወር ሂሳብ አይሠራም። ወረቀቱ ላይ «ልብስ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ከጥጥ የተሸመነ የሴት ቀሚስ፣ ኢትዮጵያ የተሠራ» ብላችሁ፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር 6204.42 ጨምራችሁ ጻፉ። አንዳንዱ «ስጦታ ነው በይና ይለፍልሽ» ይላል። አትስሙት! የተሸጠን ዕቃ ስጦታ ማለት ውሸት ነው፤ ዕቃውም ሊወረስ ይችላል።

ሁለተኛው ያቃጠለኝ ነገር ሚዛን ነው። የአየር መላኪያ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በኪሎ ብቻ አይደለም። የሣጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍሉና ከኪሎው ከበለጠ በእሱ ያስከፍሏችኋል። ጋቢ ደግሞ ጉረኛ ነው፤ ይነፋል። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጋቢ 40 በ35 በ15 በሆነ ሣጥን ስልክ 4.2 ኪሎ ተባልኩ። አየሩን አስወጥቼ 40 በ30 በ7 ሣጥን ውስጥ ሳስገባው 1.68 ሆነ። ለካ ስከፍል የኖርኩት ለአየር ነው! የሙሉ ቀን ትርፌ እዚያ ውስጥ ነበር።

ስለ ክፍያው ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስጀምር የውጭ ካርድ የምቀበልበት መንገድ አጥቼ ገንዘቤ የሚገባው በአክስቴ ልጅ ሂሳብ ነበር። እሱ ሲታመም ገንዘቤም አብሮት ታመመ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በየአዳራሹም ተጨብጭቦለታል። እኔ ግን አንድ ጋቢ ለመላክ የዞርኩባቸውን መስኮቶች ብቆጥር ጣቴ አይበቃም። አዋጅ አውጪዎቹ አንድ ቀን እዚያ ወረፋ ላይ ቢቆሙ ምናለበት?

ያቺን እህት ግን አልተውኳትም። ቀረጡን ከኪሴ ከፍዬ ቀሚሱን መልሼ ላክሁላት። ለሠርጉ አልደረሰም። እሷ ግን ለፋሲካ ሦስት ነጠላ አዘዘችኝ፤ ጋሼ ጀምረውታል።

ሣጥንና ሜትር ይዤ መጥቻለሁ። ከሻይ በኋላ አንድ ጋቢ አብረን እንጠቅልልና እንለካ።