ከደጃችን የሚወጣው ጎርፍ
(በብቸና በእድር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ክረምቱ ሊገባ ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ ዲች ልጥረግ ቢሉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዶፉ ሳይጀምር ስለ ጎርፋችን እንነጋገር ብለናል።

ጎርፍን የምንፈራው አጥር ስለሚያፈርስ ነው፤ ይዞት የሚሄደውን ግን ልብ አንለውም። በጋውን ሙሉ በየደጃፉና በየገበያው የተጠራቀመው እበት፣ የእርድ ፈርስ፣ እጣቢ፣ ከመኪና የተደፋ የተቃጠለ ዘይት፣ ፌስታሉ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ተጠርጎ ይወርዳል። ከታች ከምንጭ የሚቀዳ ሰው አለ፤ ከብት የሚያጠጣም አለ። ሞጣ ያሉ ዘመዶቻችንም ችግራቸው ከእኛ የተለየ አይደለም፤ የሁለቱም ከተማ ውሃ ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል።

ባለፈው ክረምት ዲቹ በፌስታል ተደፍኖ ጎርፉ ከታች ሰፈር ጎረቤቶቻችን ቤት ገባ። ያን ጊዜ ሁላችንም ጣታችንን ወደ ሌላ ቀሰርን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የጣልነው እኛው ነን፤ ሲጣል አይተን ዝም ያልነውም እኛው ነን። ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን «ለምን ደፋህ?» ቢለው ቂም ይሆናል። ሁላችን የተስማማንበት ደንብ ሲናገር ግን መቀያየም አይኖርም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥቷል። የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅም በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ይሁን እንጂ አዋጅ በየደጃፉ ቆሞ አይጠብቅም፤ ደጃፉን የሚያውቀው እድር ነው። በመሆኑም የሚከተለው በደንባችን እንዲገባ እንጠይቃለን፦

1ኛ/ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከደጁ ፊት ያለውን ዲች እስከ ግንቦት መጨረሻ ይጥረግ። የወጣውን ጭቃ ዳር ላይ አይተወው፤ ዝናቡ መልሶ ያስገባዋልና።

2ኛ/ ዲች ለዝናብ ውሃ ብቻ ይሁን። የሽንት ቤት ፍሳሽ የለቀቀበት ወይም ቆሻሻ የደፋበት ሰው መጀመሪያ ይመከር፤ ከደገመ ጉባኤው የወሰነውን ይቀጣ፤ እምቢ ካለ ጉዳዩ ለቀበሌ ይቅረብ። ይህም የእድሩን ዳኛ ጭምር የሚመለከት ይሁን።

3ኛ/ ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ በደቦ እንቆፍር። አዲስ ሽንት ቤትም ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውሃውም በታች በኩል ይሁን።

እስከዚያው የምንጭ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

የፊታችን እሑድ አካፋና ዶማ ይዘን እንገናኝ። ከላይ ሰፈር ያለነው እንጀምር፤ ጎርፉ የሚነሣው ከእኛ ደጅ ነውና።