የመስቀል ቪዲዮና ሁለቱ ሞኒተሮች

እሷ፦ አገና ላይ የመስቀል ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ሰፊ የቀለም ክልል ያላቸው ሁለት ሞኒተሮች ገዛ እንበል። አንዱ ላይ እንሰቱ ደማቅ አረንጓዴ፣ ሌላው ላይ ቢጫ የመታው ነው።

እሱ፦ ሞዴላቸው አንድ ሆኖ?

እሷ፦ አዎ! ከፋብሪካ ሲወጡም ይለያያሉ።

እሱ፦ በዓይን ቢያመሳስላቸውስ?

እሷ፦ ዓይን ቶሎ ይለምዳል። ሞኒተሮቹ 30 ደቂቃ ያህል ይሙቁ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው በቀለም መለኪያ ይለካና ይስተካከል። ነጩ 6500 ኬልቪን፣ ብርሃኑ 100 ኒት፣ የቀለም ክልሉ ሬክ 709።

እሱ፦ ሰፊው ቀለም ታዲያ ለምን ተገዛ?

እሷ፦ ለሲኒማና ለኤችዲአር ይጠቅማል። ለተለመደው ቪዲዮ ግን በሬክ 709 ካልተገደበ ቀለሙን ያጋንናል። ባለሙያው ያደበዝዘዋል፤ በደንበኛው ቲቪ ላይ ግን ክትፎው ገርጥቶ ይታያል።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ፤ መለኪያው ግን ውድ ነው።

እሷ፦ የአገናና የወልቂጤ ባለሙያዎች ተዋጥተው አንድ ቢገዙ፣ ተራ በተራ ይጠቀሙበታል።