ልጅን በቍጣው ጊዜ ስለ መርዳት



የቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ ሲከበር ስለ ሕንፃው፥ ስለ ጉልላቱና ስለ ቅጥሩ ብዙ ይነገራል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ይህን ቅጥር ወደ ፊት የሚጠብቁት ዛሬ በየቤቱ የሚያድጉት ልጆች ናቸውና፥ ስለ እነርሱም መናገር ያስፈልጋል። ይልቁንም ቍጣው ከእኩዮቹ የበዛ፥ ዕቃ የሚወረውር፥ ታናሹን የሚመታ ልጅ ባለበት ቤት ያለው ጭንቀት ጎረቤት ከሚገምተው ይከብዳል። እናት ታፍራለች፤ አባት በትር ያነሣል፤ ልጁም «ክፉ» የሚል ስም ይወጣለታል። ስሙ አንድ ጊዜ ከወጣለት በኋላ እንደ ስሙ መኖርን ይለምዳል፤ መጨረሻውም ቤቱን ጥሎ ወደ ከተማ መኰብለል ሊሆን ይችላል።

ልጅ ቍጣን ይዞ ይወለዳል እንጂ የቍጣን ልጓም ይዞ አይወለድም። ልጓሙን የሚያገኘው ከታላላቆቹ ነው።

ለምሳሌ ያህል በቦረና ደጋ የሚኖር አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይታሰብ። ከብት ሲጠብቅ ውሎ፥ ርቦትና በርዶት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገና ደጃፉን ሳያልፍ ላሚቱ የጎረቤት ገብስ ስለ መብላቷ ይወቀሳል። ልጁ ይመልሳል፤ አባት ይጮኻል፤ ልጁም አብልጦ ይጮኻል፤ በርጩማውን ይገለብጣል፤ ይመታል። በማግሥቱም ያው ይደገማል።

ጄራልድ ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የመሰለውን የቤት ጠብ መርምሮ ገልጦታል። ወላጅ ደክሞት ልጁ በጩኸት የጠየቀውን ሲሰጠው፥ ልጁ ጩኸት እንደሚጠቅም ይማራል። ልጁም በዱላ ጸጥ ሲል፥ አባት ዱላ እንደሚጠቅም ይማራል። ሁለቱም ተማሪዎች ሆኑ፤ ትምህርታቸው ግን ጠብን የሚያሳድግ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ከታላቁ ይጀምራል። በመጀመሪያ ልጁ ይብላ፥ ይሙቅ፥ ከዚያም ይጠየቅ፤ ረኃብና ድካም ባለበት ምክር አይሰማምና። ሁለተኛ፥ ቍጣው በተነሣ ጊዜ ታላቁ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ ቃሉንም ያሳጥር። ታናናሾቹን፥ ዱላውንና እሳቱን ከአጠገቡ ያርቅ፤ እስኪበርድም በቅርብ ሆኖ ይጠብቅ። በጩኸት የተጠየቀው ነገር በጩኸቱ ምክንያት አይሰጥ። ሦስተኛ፥ ከበረደ በኋላ ልጁ የገለበጠውን ያንሣ፤ የመታትን እኅቱንም ይቅርታ ይጠይቅ። ይህ ቅጣት ብቻ አይደለም፤ ያፈረሰውን መልሶ መሥራት እንደሚቻል ያስተምረዋል። አራተኛ፥ ቍጣውን ገትቶ በቃል በተናገረ ቀን ወዲያው ይመስገን፤ ስለ ምን እንደ ተመሰገነም ይነገረው። አምስተኛ፥ አባት የከለከለውን እናት ወይም አያት በስውር አይፍቀዱ፤ የቤቱ ቃል አንድ ይሁን።

«በዱላ አድገን ሰው ሆነናል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሰው መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው ያደረጋቸው ከዱላው በኋላ ያቀፋቸው ክንድ እንደ ሆነ የሚያስብ ጥቂት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ልጆችን መታዘዝን ካስተማረ በኋላ አባቶችን ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ መክሯል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ደግሞ በ36ኛው አንቀጽ ልጆች በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። በትምህርት ቤት የተከለከለው በቤት ይልቁንም በገዛ አባት እጅ ሊደረግ አይገባም።

ከፍርሃት የሚወለድ ቍጣም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ብዙ የደቡብ ወሎ ልጆች ሽሽትንና የተኵስ ድምፅን ዐውቀዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ሌሊት የሚባንን፥ ቀን በትንሽ ነገር የሚገነፍል ቢሆን ዕልኸኛ ነው ተብሎ አይፈረድበት።

ቍጣው ለወራት ሳይቀንስ ቢቈይ፥ ወይም ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን ቢጐዳ፥ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፥ ካስፈለገም ወደ ደሴ መውሰድ ይገባል። ደኅና የማይሰማ ጆሮ፥ የሚጥል በሽታ ወይም ኦቲዝም ከቍጣው በስተጀርባ ሊኖር ይችላል። ወላጆች እንዲህ ያሉትን ልጆች በኀፍረት በቤት ይሸሽጉ በነበረበት ዘመን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው ለብዙ ቤት ብርሃን ሆነዋል። ጸሎትና ጠበል ከሐኪም ጋራ አይጣሉም፤ ልጅን በሰንሰለት ማሰርና መምታት ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም።

ይህ ሁሉ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ አይጣል። የነፍስ አባት ወደ ቤቱ ሲገባ ክሱን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይስማ። የክርስትና አባትና እናት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ልጁን ይዘው ቢውሉ፥ እናት ታርፋለች፤ ልጁም ስሙን በበጎ የሚጠራ ሌላ ቤት ያገኛል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይባላልና፥ ከነቍጣውም ይወደድ። በሳምንት አምስት ጊዜ ይወረውር የነበረ ልጅ ሦስት ጊዜ ብቻ ወርውሮ ቢገኝ፥ ወላጆቹ ስለ ሦስቱ ከማዘናቸው በፊት ስለ ቀሩት ሁለቱ ያመስግኑት።